ቃሬዛውን ያስማገደው ድሬሰር

አስታማሚን የሚያረካው መልካም ቃል ነው ይባላል። አይደለም። የሚያረካው የበሽተኛው መዳን ነው የሚሉም አሉ። እሱም አይደለም። እነዚህን ሁለት ነገሮች በጋዜጣ የሚጽፉት ሰዎች ሆስፒታል በር ላይ ቆመው የማያውቁ፣ ወይም ቆመው ያዩትን የረሱ ናቸው። እኔ ግን አፈ ክፉነቱን አገር ያወቀለትን፣ አስታማሚ ሁሉ ደግሞ እየመረቀ የሚለየውን አንድ ሰው ስለማውቅ፣ በዚህ ጉዳይ ላይ አፌን ሞልቼ ለመናገር አልፈራም።

ባይሳ ይባላል። ሰበታ ዳር በነበረችው ትንሽ ሆስፒታል ውስጥ ድሬሰር ነበር፤ ማለት ቁስል የሚያጥብ፣ መርፌ የሚወጋ፣ ሐኪሙ ሲጠፋም ሐኪም የሚሆን ሰው። ባለፈው ወር ቡራዩ፣ ልጁ ቤት እንዳለ አረፈ። መርዶውን የሰማሁት አውቶቡስ ላይ ነው። አጠገቤ የተቀመጡ ሴትዮ፣ «ያ ተሳዳቢው ባይሳ ሞተ አሉ» አሉኝ፤ ትንፋሽ ሳይወስዱም፣ «ነፍሱን ይማረው፣ እንደሱ ያለ ሰው ከየት ይገኛል» ብለው ቀጠሉ። ሁለቱም እውነት ነበር።

ስድቡ ወግ ያለው ስድብ ነበር። ታላላቆቹን የሚሰድባቸው አንቱ ብሎ ነው። «አንቱ፣ ይህን የሚያህል ትከሻ ይዘው እዚህ ምን ይገትርዎታል? አጥር ነዎት?» ሲል ሰምቼዋለሁ። የተባሉት ሽማግሌም ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ ሳቃቸውን እየዋጡ፣ «ምን ልታዘዝ?» አሉት። እሱን አንቱ ያለውን ሰው ግን ይቆጣዋል። «አንቱታውን ለበሽተኛው ስጥልኝ» ይላል። ስለዚህ እኔም ዕድሜውን እያወቅሁ አንተ እለው ነበር፤ አሁንም እንደዚያው እጽፋለሁ። ሌላም ልማድ ነበረው። ሰው ወደ ድንገተኛ ክፍሉ ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው እጁን ነው። እጁ ባዶ ከሆነ አንድ ነገር ሳያስይዘው አያልፍም።

ድንገተኛ ክፍል ማለቴ ለወጉ ያህል ነው። ቤቱ በጣሊያን ጊዜ የበቅሎ ጋጣ ነበር። በቅሎ የሚታሰርባቸው የብረት ቀለበቶች ከግድግዳው አልተነቀሉም፤ አስታማሚ ስንቁን ይሰቅልባቸው ነበር። ከወጨጫ ተራራ ሥር፣ ከቡራዩ በላይ ካሉት መንደሮች፣ አንዳንዴም ከሱሉልታ ሳይቀር በሽተኛ በቃሬዛ ይመጣል። ቃሬዛ ደግሞ ብቻውን አይመጣም። ተሸካሚዎቹ አሉ፤ ሲደክማቸው የሚቀይሯቸው አሉ፤ ስንቅ የያዙ ሴቶች አሉ፤ መንገድ ላይ ተገናኝቶ የተከተለ ዘመድ አለ። በአገሩ ደንብ የሰው ቃሬዛ ያልተሸከመ፣ እሱ ሲታመም የሚሸከመው አያገኝም። ይህ ሁሉ ሰው ተራራ ወርዶ፣ ወንዝ ተሻግሮ፣ ትከሻው ተልጦ ሆስፒታሉ በር ሲደርስ ዘበኛው፣ «አስታማሚ ወደ ውጪ» ይለዋል። እስከ በሩ ድረስ በሽተኛውን በሕይወት ያቆየው እሱ ነበር፤ ከበሩ በኋላ መንገድ የሚዘጋ ሰው ሆነ።

እኛ የተማርነው፣ እኔ ያኔ ሰበታ አስተማሪ ነበርኩ፣ ይህ ሰው አጥር ሥር ቁጭ ብሎ በትዕግሥት የሚጠብቅ ይመስለን ነበር። አይጠብቅም። ይመክራል። ከውስጥ ጩኸት ሲሰማ «እያረዱት ነው» ይላል፤ ጸጥ ሲል «ገደሉት» ይላል። ምክሩ ሲያልቅ ቃሬዛውን ያነሣና በሽተኛውን ይዞ ወደ አገሩ ይመለሳል። እንግዲህ አስታማሚ ቅር አለው ማለት በሽተኛው መንገድ ላይ ይሞታል ማለት ነበር። ነገሩ እንዲህ አጭር ነው።

የባይሳ መላ ለእያንዳንዱ ሥራ መስጠት ነበር። «ሥራ ያጣ አስታማሚ ሁለተኛ በሽተኛ ነው፤ ትርፍ አልጋ ደግሞ የለኝም» ይላል። ጠብ የሚወደውን በር ላይ ያቆመዋል፣ ማንንም እንዳያስገባ። ጉልበት ያለውን ውሃ ያስቀዳዋል። አንድ ቀን አንዲት እናት የልጃቸው እስትንፋስ ሳይወጣ ሙሾ ሲጀምሩ አየና ክንዳቸውን ይዞ አልጋው ጫፍ ላይ አስቀመጣቸው።

«ስለ ከብቶቹ ይንገሩት።»

«ምኑን ልንገረው?»

«የትኛዋ ላም እንደወለደች፣ የትኛው በሬ አጥር እንደጣሰ። አንድም እንዳያስቀሩ። ጆሮው መተኛት የለበትም።»

ሴትዮዋ እያለቀሱ ጀመሩ። ጥቂት ቆይቼ ሳልፍ ልቅሶውን ትተው በአንዲት ተዋጊ ጊደር ጠባይ ሲማረሩ ሰማኋቸው።

እኔንም አሠርቶኛል። አባቴ ትርፍ አንጀቱን አሞት በጋሪ ጭኜ ሳመጣው፣ በመጽሐፍ ያነበብኩትን ሁሉ ድሬሰሩ ላይ አወረድኩበት። ትኩሳቱስ፣ የልቡ ምትስ፣ የምትሰጡት መድኃኒት የትኛው ነው? ባይሳ እጆቼን አየ።

«አስተማሪ ነህ?»

«አዎ።»

«ያስታውቃል። እጅህ ከጠመኔ በቀር የሚያውቀው ነገር የለም። ና፣ የአባትህን አውራ ጣት ያዝ።»

«የእጁን?»

«የእግሩን። እንዳትለቅ። ከቀዘቀዘ ጥራኝ፤ ካልቀዘቀዘ ድምፅህን አልስማ።»

ያዝኩ። አባቴን ወደ ቀዶ ጥገናው ክፍል ሲወስዱትም ጣቱን እንደያዝኩ አብሬ ሄድኩ። ያኔ የነበሩት ሽማግሌ ፈረንጅ ሐኪም በሩ ላይ ጣቶቼን አንድ በአንድ ፈልቅቀው አስለቀቁኝ። አባቴ ሲነቃ የመጀመሪያ ቃሉ፣ «እግሬን ሊነቅለው የነበረው ማን ነው?» የሚል ነበር። ሻል ሲለው ባይሳን ጠየቅሁት።

«እውነት ያን ጣት መያዜ ጠቅሞታል?»

«እሱን እንጃ። እኔን ግን ጠቅሞኛል፤ ከጫንቃዬ ላይ ወረድክልኝ።»

«እና አታለልከኝ?»

«ጣቱ ቢቀዘቅዝ ትጠራኝ አልነበረም? ትጠራኝ ነበር። ታዲያ ማታለሉ የቱ ላይ ነው?»

ከዚያ ወዲህ ስንት መጽሐፍ ገልብጫለሁ፤ መልሱን ግን አላገኘሁለትም።

ሥርዓቱ እንከን አልነበረውም አልልም። አባቴ ገና አልጋ ላይ እያለ ሽማግሌው ፈረንጅ አገራቸው ገቡና በቦታቸው ከውጭ አገር ተምሮ የመጣ ወጣት ሐኪም ተሾመ። ዝምተኛ፣ ጨዋ፣ «እባክዎን» ሳይል ሰው የማያዝ ልጅ። በመጣ በሳምንቱ ግድም ከአባቴ ጎን አንድ ሆዱን የተቀደደ ሰው ተኝቶ ነበር። ባይሳ ለሰውዬው ወንድም ጥጥ ሰጥቶ፣ «ከንፈሩን ብቻ አርጥብለት» አለው። ወንድሙ ከንፈሩን ሲያረጥብ ዋለ። ግን እሱ የሚያውቀው ማስታመም አጉርሶ፣ አጠጥቶ፣ በላ ጠጣ ተብሎ ለጎረቤት የሚወራ ነው፤ ወንድምን በጥጥ ማርጠብ ስስት ሆነበት። ሰው ዞር ሲል ቅቤ ጣል የተደረገበት ወተት ባንድ ዋንጫ አጠጣው። ሰውዬው አስመለሰ፣ ስፌቱ ተፈታ፣ ለጥቂት ተረፈ። በማግሥቱ ዶክተሩ አስታማሚ ከበሩ እንዳያልፍ አዘዘ። ልክ ነበር። ባይሳም ልክ መሆኑን ስላወቀ አልተከራከረም፤ እሺ ጌታዬ ብሎ ወጣ።

ከዚያ በኋላ ሆስፒታሏ የጨዋ ቤት ሆነች። ዶክተሩ ጠዋት ጠዋት ራሱ ወደ አጥሩ እየወጣ አስታማሚዎቹን በጥሩ ቃል ያናግራል። አንድ የታወቁ የጨርቅ ነጋዴ ልጃቸው ከፎቅ ወድቆ ሲመጣ ወንበር አስወጥቶ በረንዳው ጥላ ሥር አስቀመጣቸው፤ በየሰዓቱም ሰው እየላከ የልጁን ሁኔታ አስነገራቸው። ልጁ ዳነ። ነጋዴው ሲወጡ በር ላይ ተራገሙ። «ልጄ ሲጮህ እንደ ዕቃ አስቀምጠውኝ ዋሉ» አሉ። ዶክተሩ ነገሩ አልገባውም። እኔም ያን ጊዜ አልገባኝም።

አንድ የጥቅምት ቅዳሜ ከወጨጫ ሥር ቃሬዛ መጣ። የተኛችበት አያንቱ የምትባል ልጅ እግር ሴት ናት፤ ምጥ ከያዛት ሁለተኛ ቀኗ ነው። ባሏ ለሥራ ርቆ ሄዷል፤ ይዘዋት የመጡት አማቷ ኦቦ ጉተማ ናቸው። ረጅም፣ ንግግር የማያበዙ፣ የመንደሩ የቃሬዛ አለቃ። ባይሳ በኦሮምኛ «አካም ጅርቱ» ብሎ ሰላምታ ሰጣቸው፤ ሌላ ነገር አልጨመረም፣ ትእዛዝ ትእዛዝ ነው። ዶክተሩ አያንቱን መረመረና ወጥቶ ሕፃኑ ማኅፀን ውስጥ መሞቱን፣ እናቲቱ ግን ቶሎ በቀዶ ጥገና ከወጣላት ልትተርፍ እንደምትችል በትሕትና ነገራቸው። ባይሳ አስተረጎመ። «እባክዎን እዚህ ይጠብቁ» ብሎ ዶክተሩ ገባ። በሩ ተዘጋ።

የአባቴ ቁስል መግል ይዞ ገና አልወጣም፤ እኔም ክፍሉ መግባት ስለተከለከልኩ ጓሮ፣ ወደ በሩ የሚያሳየውን የማገዶ ቤት ግድግዳ ተደግፈን ፀሐይ እንሞቃለን። ከአጥሩ ሥር ምክሩ ሲጀመር ይሰማናል፤ ኦሮምኛው እስከዚያ ድረስ አያቅተኝም።

«ልጁ ከሞተ ምን ቀራቸው? ለምን ይቀዷታል?» አለ አንዱ።

«ሊማሩባት ነው» አለ ሌላው።

«የእገሌ ሚስት እዚህ ገብታ አልወጣችም።»

ከውስጥ የአያንቱ ጩኸት መጣ። ከዚያ ጸጥ አለ። ኦቦ ጉተማ ብድግ አሉ። አራት ጎረምሶች ባዶውን ቃሬዛ አንሥተው ተከተሏቸው። ዘበኛው ከዱላው ጋር ገለል አለ።

ዶክተሩ ወጣ።

«ልጃችንን ስጡን» አሉት፣ በገበያ በለመዱት አማርኛ።

«አባቴ፣ ከወሰዷት መንገድ ላይ ትሞትብዎታለች።»

«ከሞተችም በሰው መሀል ትሙት። እዚያ ውስጥ ማን አላት?»

«እኔ አለሁ።»

ኦቦ ጉተማ ከእግር እስከ ራሱ አዩት። «አንተ የማን ልጅ ነህ?»

ስድብ አልነበረም፤ ከልባቸው ነው የጠየቁት። ዶክተሩ ግን «ፖሊስ እጠራለሁ» አለ። ጎረምሶቹ ሳቁ።

«ጥራው እንጂ» አለ አንደኛው። «ባለፈው ክረምት ሳምባ ሲያመው በዚሁ ቃሬዛ ነው ያመጣነው።»

ይህን ጊዜ ባይሳ ከጋጣው በር፣ ፎጣ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ መጣ። ዶክተሩን አልፎ፣ ኦቦ ጉተማን አልፎ ጎረምሶቹ ፊት ቆመና እጃቸውን አየ።

«እናንተ እዚህ ትከራከራላችሁ፤ እዚያ የዶክተሩ ቢላ ሳይቀቀል ቀርቷል።»

«ለምን?» አሉ ኦቦ ጉተማ።

«ማገዶ አልቆ ነዋ። ውሃ ካልፈላ ቢላ አይነካትም፤ ቢላ ካልነካት ትሞታለች። አንቱ ይህን ሁሉ ጎረምሳ አስከትለው መጥተው አንድ ጭራሮ እንኳ የያዘ የለም። እንዲህም አድርጎ የቃሬዛ አለቃ አለ።»

አባቴ አየኝ። እኔም አየሁት። የተደገፍነው ቤት እስከ ጣራው ባሕር ዛፍ ተሞልቶበታል።

«ወርደን ከጫካው እንልቀም» አለ አንዱ።

«እርጥብ እንጨት ምን ያደርግልኛል? ደረቅ ነው የምፈልገው። አሁን።»

ባይሳ ቃሬዛውን አልጠቀሰም፣ ወደሱም አላየም። የሌሎቹ ዓይን ግን ሁሉ ወደዚያ ሄደ። ቃሬዛ በዚያ አገር የአንድ ሰው ንብረት አይደለም። የመንደሩ ነው። ይህኛውን የኦቦ ጉተማ አባት ናቸው ከወይራ የጠረቡት፤ ስንት ሰው የተሸከመ፣ በትከሻ ብዛት የለሰለሰ እንጨት። አይሸጥም፣ ለሌላ መንደር አይዋስም፣ ማገዶ ይሆናል ብሎ ያሰበ ሰው ኖሮ አያውቅም። ኦቦ ጉተማ እጃቸውን አግዳሚው ላይ አሳርፈው ቆዩ።

«ጠፍሩን ፍቱ» አሉ በመጨረሻ።

«ኦቦ፣ በምን እንመልሳታለን?» አለ ጎረምሳው።

«በእግሯ።»

ጠፍሩ ተፈታ። ባይሳ ከጓሮ መጥረቢያ ይዞ መጣና ለኦቦ ጉተማ ሰጣቸው፤ ራሳቸው ፈለጡት። ከዚያ ያ ሁሉ ሰው ተበተነ። አንዱ እሳት እፍ ይላል፣ አንዱ ከጉድጓድ ውሃ ይቀዳል፣ ሴቶቹ እስከ ክርናቸው በሳሙና ታጥበው የተቀቀለ ጨርቅ ይጨምቃሉ። ባይሳ በመሀል እየተዘዋወረ ይሰድባል። «ይህ እፍ ማለት ነው ወይስ ማዛጋት? ክብሪት እንኳ አያጠፋም።» ዶክተሩን ደግሞ፣ «ጌታዬ፣ ውሃው ሊፈላ ነው፤ ይዘጋጁ» አለው። ዶክተሩ ማገዶ ቤቱን አየ፣ በበሩ ስንጥቅ የሚታየውን እንጨት አየ፣ እኔን አየኝ። ከዚያ ገባ።

ከሰዓት በኋላው ረጅም ነበር። ከአጥሩ ሥር የሚመክር ሰው ግን አልነበረም። ከውስጥ ድምፅ ሲሰማ አንዱ «ውሃ ጨምሩ» ይላል፤ ጸጥ ሲል ሌላው «እሳቱ እንዳይከስም» ይላል። ምክሩ ሁሉ ይኸው ሆነ።

ዶክተሩ ሲወጣ ሸሚዙ በላብ ጀርባው ላይ ተጣብቋል። አያንቱ ተርፋለች። የሞተውን ሕፃን በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ለሴቶቹ ሰጧቸው፤ አለቀሱለት፣ እንደ ወጉ። ኦቦ ጉተማ እንባቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠርገው ወደ ዶክተሩ ሄዱ። ምስጋና አላቀረቡም።

«ደህና አድርገን አፍልተንልሃል?» አሉት።

«ደህና አድርጋችሁ አፍልታችኋል፣ አባቴ» አለ።

ዶክተሩ ከመጣ ጀምሮ ለአስታማሚ የተናገረው የረባ ነገር ይህ የመጀመሪያው ይመስለኛል።

ባይሳን ቢሮው አስጠራው። መስኮቱ ክፍት ነበር፤ እኔም አልሸሸሁም።

«ዋሽተዋል» አለው።

«አዎ ጌታዬ።»

«ማገዶ ቤቱ ሙሉ ነው።»

«የሞላሁት እኔ ነኝ።»

«የሰው ቃሬዛ አስቃጠሉ።»

«ቃሬዛው እስካለ ድረስ ልባቸው መንገድ ላይ ነበር ጌታዬ።»

«ከሰኞ ጀምሮ» አለ ዶክተሩ፣ «አስታማሚ እጁን በሳሙና ታጥቦ ይግባ። ለአንድ በሽተኛ ሁለት ሰው፤ ሌሎቹን ጓሮ ያሠሯቸው። ወተት የያዘ ሰው ካየሁ ግን የማስወጣው እርስዎን ነው።»

ባይሳ ሲወጣ እያጉረመረመ ነበር፤ ሳሙና ከየት ሊመጣ ነው እያለ። ሰኞ ጠዋት ግን በሩ ላይ ማሰሮና ሳሙና ተቀምጦ፣ አስታማሚው እንደ ግብዣ ቤት እርስ በርሱ እጅ ሲያስታጥብ አየሁ። አያንቱ አገግማ የወጣች ቀን በቅሎ መጥቶላት ነበር። በቅሎው ላይ አልወጣም አለች። በሩን በእግሯ ካለፈች በኋላ ነው ኮርቻ ላይ የተቀመጠችው፤ ኦቦ ጉተማም ልጓሙን ይዘው ቀደሙ።

ባይሳ በዓመት ፈቃዱ ጊዜ ሁለት የወይራ አግዳሚ ተሸክሞ ወጨጫ ወጣ። ሲመለስ አገኘሁት።

«እውነቱን ነገርካቸው?»

«ምኑን እነግራቸዋለሁ? ኦቦ ጉተማ ገና ያን ዕለት አውቀዋል። መጥረቢያውን ስሰጣቸው እንጨቱ በማገዶ ቤቱ በር ስንጥቅ ይታያቸው ነበር።»

«አውቀው ፈለጡት?»

«አውቀው። "አንተ ውሸታም" ብለው ሰደቡኝ፣ ከዚያ እርጎ ሰጡኝ።» ከንፈሩን በእጁ ጀርባ ጠረገ፤ እርጎው አሁንም ያለበት ይመስል። «ሰው ልጁን ይዞ ለመሄድ ምክንያት እንደሚፈልግ ሁሉ ላለመሄድም ምክንያት ይፈልጋል። የሚሰጠው ካገኘ አይጠላም።»

ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ ትልልቅ ሆስፒታሎች ተሠርተዋል። ለአስታማሚ አግዳሚ ወንበር አላቸው፤ ግድግዳው ላይ «ጸጥታ» የሚል ጽሑፍ፣ በሩ አጠገብ የአስተያየት ሣጥን። ባይሳ ሲታመም መጀመሪያ የወሰዱት ከነዚህ ወደ አንዱ ነው። ልጁ እንደነገረችኝ እሷን ከክፍሉ ሲያስወጧት ከአልጋው ቀና ብሎ ነርሷን፣ «ስሚ፣ ይህች ልጅ ሁለት እጅ አላት፤ ለጌጥ አይደለም» አላት። ነርሷ ሳቀችና ልጅቱን መልሳ አባቷን እንድትደግፍ አደረገቻት። «ጀርባውን እኔ ነኝ ይዤ የነበርኩት» አለችኝ ልጁ ለቅሶ ቤት፤ ስታወራው ፊቷ ላይ ያየሁት ነገር ኀዘን ብቻ አልነበረም።

እንግዲህ አንተ ይህን የምታነብ ሐኪም፣ ነርስ፣ ድሬሰር ወይም ዘበኛ፣ ጽሑፌን ማድነቅህን ተውና ነገ ጠዋት ወደ በሩ ውጣ። እዚያ ከቆሙት አንዱን ጥራ። አይዞህ አትበለው። እጁን አስታጥበውና ሥራ ስጠው።